የጋሽ ሰይፉ መቶ ማይል

ሥራ የጀመርኩት በመስከረም ወር መጀመሪያ ነው። አባቴ ሰዓት ሠሪ ነበር፤ ጣቶቼን ያሠለጠነው እሱ ነው። "እጇ ቀጭን ነው፣ ትዕግሥት ግን የላትም፤ እሱን አንተ ጨምርላት" ብሎ ቃሊቲ ውስጥ ባለ አንድ ጋራዥ ለጓደኛው ለጋሽ ወልዴ አስረከበኝ። ጋሽ ወልዴ የመኪና ፍጥነት ቆጣሪ ይጠግኑ ነበር። እኔም የመጀመሪያ ቀኔ ነው ብዬ ነጭ ሸሚዜን ተኩሼ ሄድኩ።

ካቻቪቴ አላስጨበጡኝም። ከባድ ከረጢት አሸክመውኝ ወደ ደብረ ዘይት መንገድ ወጣን። ከረጢቱ ውስጥ ሃያ ሜትር የሚረዝም የቀያሽ ሰንሰለት ነበር። ከአንዱ የኪሎ ሜትር ድንጋይ እስከሚቀጥለው፣ ያንን ሰንሰለት ሃምሳ ጊዜ ዘርግተን ሃምሳ ጊዜ አነሳን። የጭነት መኪኖቹ ጡሩምባ እየነፉ ጭቃውን ረጩብን። ሸሚዜን ያየ ሰው ጉድጓድ ስቆፍር የዋልኩ ነው የሚለው።

"ጋሽ ወልዴ፣ ኪሎ ሜትሩ ድንጋዩ ላይ ተጽፎ የለም እንዴ?" አልኳቸው።

"ተጽፏል። የጻፈውን ሰው ታውቂዋለሽ?"

"ኧረ አላውቀውም።"

"እኔም አላውቀውም። ጫፉን ያዢ።"

ካልታዘልኩ አላምንም እንዳለችው ሙሽራ ነበሩ። በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ ያንን ኪሎ ሜትር በሰንሰለት ሳይለኩ አንድም መኪና አይፈትሹም። እኔ በሆዴ ሽማግሌው ሥራ ፈትተዋል እል ነበር።

የፍጥነት ቆጣሪ ሲከፍቱት ቀላል ነገር ነው። ከካምቢዮው የሚመጣ ገመድ ማግኔት ያሽከረክራል። ማግኔቱ ከላዩ የተደፋችውን ስስ የአሉሚኒየም ኩባያ ሳይነካት ይጎትታታል። ኩባያዋ መርፌውን ይዛ ልትዞር ስትል አንዲት የሰዓት ሞላ የምታህል ቀጭን ሞላ ትይዛታለች። ሞላዋ ከላላች መርፌው ያጋንናል፣ ከጠነከረች ያሳንሳል። መኪናው የሄደበትን ርቀት የሚደምረው ቁጥር ግን በጥርስ ስለሚዞር ሞላዋ አታሳስተውም። ጋሽ ወልዴ "ቁጥሩ ምስክር ነው፣ መርፌው ወሬኛ ነው" ይሉ ነበር።

ወሬኛውን የምንገራው በሁለቱ ድንጋዮች ነው። ሹፌሩ መርፌውን አንድ ቁጥር ላይ አጽንቶ ይነዳል፤ እኔ የሩጫ ሰዓት ይዤ አጠገቡ እቀመጣለሁ። ከድንጋይ እስከ ድንጋይ ስልሳ ሰከንድ ከፈጀ ፍጥነቱ በሰዓት ስልሳ ኪሎ ሜትር ነው፤ ሠላሳ ከፈጀ መቶ ሃያ። ካልገጠመ ተመልሰን ሞላዋን እንነካካና እንደገና እንወጣለን። በቀን አምስት ጊዜ የተመላለስንባቸው መኪኖች ነበሩ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጋሽ ወልዴ ዓይናቸው ደከመና ሥራ አቆሙ። ጠረጴዛቸውን፣ መሣሪያቸውንና ሰንሰለቱን ለእኔ ተዉልኝ። በመጀመሪያው መስከረም ሰንሰለቱን ለመጎተት አንድ ሰው ይሰጠኝ ብዬ የጋራዡን ባለቤት ጠየቅሁ።

"ሥራ ተቆልሎ መንገድ ልትለኪ?" አለኝ። "ድንጋዩ እግር አለው እንዴ?"

ሳቅሁ። እውነት ለመናገር ደስም አለኝ። ሰንሰለቱን ጥግ አስቀመጥኩት፤ በሚቀጥለው መስከረምም፣ ከዚያ በኋላም አላነሳሁትም።

ጋሽ ሰይፉ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሜካኒክ ነበሩ። መኪናቸው ከአንድ አገሩ ከሚመለስ እንግሊዛዊ የገዟት አረንጓዴ፣ ጣሪያዋ የሚገለጥ፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ የእንግሊዝ ስሪት ናት። መሪዋ በቀኝ ነው። በእኛ አገር መንገድ በቀኝ የተቀመጠ ሹፌር ከፊቱ ያለውን የጭነት መኪና አሳልፎ ማየት አይችልም። ስለዚህ ባለቤታቸው እትዬ እልፍነሽ በግራ ተቀምጠው "ቆይ" ሲሉ ይቆያሉ፣ "እለፍ" ሲሉ ያልፋሉ። እትዬ እልፍነሽ የሒሳብ አስተማሪ ነበሩ፤ ትንሽ የእጅ ሰዓታቸው ከእጃቸው አትለይም።

የመኪናዋ ቆጣሪ በማይል ነው፣ አንዱ ማይል አንድ ኪሎ ሜትር ከስድስት መቶ ሜትር ነው፤ ሞላዋ ተበጥሳ መርፌው ሞቷል። ከወዳደቀ ቆጣሪ ሌላ ሞላ አውጥቼ ተከልኩላት። ባዕድ ሞላ ስለሆነች ልኳን የምታገኘው በድንጋዮቹ ብቻ ነበር። ጋሽ ሰይፉ እየነዱ እኔ እየቆጠርኩ፣ በስልሳ ማይል ሠላሳ ሰባት ሰከንድ እስኪመጣ ድረስ ስንመላለስ ዋልን። ከቁጥሮቹ ሰሌዳ ጀርባ ሰከንዱንና ስሜን በእርሳስ "37፣ የሺ" ብዬ ጻፍኩ። በዚያ ጽሑፍ እኮራ ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ጋሽ ሰይፉ ፊታቸው በርቶ መጡ።

"የሺዬ፣ መቶ ማይል! ትናንት ጠዋት ከዱከም ወዲያ። ነዳጁን እስከ ወለሉ ረገጥኩት፤ መርፌው መቶ ላይ ቁጭ!"

ሜካኒኮቹ ሥራቸውን ትተው ከበቧቸው።

"እልፍነሽ ያለችኝን ብነግራችሁ። በሰዓቷ ከድንጋይ እስከ ድንጋይ ቆጥራ፣ 'ሃያ ስድስት ሰከንድ ፈጅቶብሃል፤ መቶ ማይል ቢሆን ሃያ ሁለት ነበር' አትለኝም? ከፍርሃቷ የተነሳ ቁጥር ጠፋባት!"

ጋራዡ ሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ስቄም አላበቃሁ፤ "እትዬ እልፍነሽ ደንግጠው ነው፤ የእኔ ቆጣሪ አይሳሳትም" አልኩ።

ይህ ጨዋታ ለብዙ ዓመት ጋራዡ ውስጥ ኖረ። ጋሽ ሰይፉ ዘይት ሊያስቀይሩ በመጡ ቁጥር አንድ ሰው "የእትዬ እልፍነሽ ሃያ ስድስት እንዴት ነው?" ይላል። አንድ ቀን እትዬ እልፍነሽ ራሳቸው መኪናዋ ውስጥ ሆነው ሰሙ። አልተቆጡም። "ሃያ ስድስት ነው የቆጠርኩት" አሉና ደብተር ማረማቸውን ቀጠሉ። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር ሲናገሩ አልሰማኋቸውም። ካረፉ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል።

እኔም ከጋራዡ ከወጣሁ ቆይቻለሁ። አቃቂ በሰቃ፣ ቤቴ በር ላይ አንዲት ጠረጴዛ አለችኝ፤ የድሮ መኪና ያለው ሰው ይመጣል። ባለፈው ዓመት ጋሽ ሰይፉ ከኮዬ ፈጬ መጡ። እዚያ ኮንዶሚኒየም ከሴት ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ሐኪም ከእንግዲህ አትነዳም ብሏቸው መኪናዋን ለልጃቸው ሊያስረክቡ ነው። የመኪናዋን ጠባይ ሁሉ በአንድ ወረቀት ጽፈውላታል፤ ሲበርድ እንዴት እንደምትነሳ፣ ፍሬኗ ወዴት እንደሚስብ። የመጨረሻው መስመር "መቶ ማይል ትሄዳለች" ይላል።

"ልጅቱ ስልኳን ዳሽቦርዱ ላይ አድርጋ በፍጥነት መንገዱ ስትነዳ፣ መርፌው ሰባ ማይል ሲል ስልኩ ስልሳ አለ" አሉኝ። "ወረቀቱን ሳልፈርም ተውኩት። አንዱ ዋሽቷል፤ የትኛው ነው?"

"ስልኩ ነዋ" አልኳቸው። ሌላ ምን እል?

መጀመሪያ ጎማውን ጠረጠርኩ። ጎማ ካነሰ መርፌው ያጋንናል። ዙሪያውን ለካሁት፤ በደብተሬ ከመዘገብኩት አንድ ጣት አይለይም። ቆጣሪውን ፈትቼ ቤት አስቀረሁት። ሞላዋ እንደተከልኳት አለች። ጀርባው ላይ በእርሳስ "37፣ የሺ" ይላል። ያን ጽሑፍ ሳይ ጋሽ ወልዴ "የጻፈውን ሰው ታውቂዋለሽ?" ያሉኝ ትዝ አለኝ። አሁን የጻፈችውን ሴት አውቃታለሁ፤ ድንጋዩን ሳትለካ የጻፈች ናት።

ድንጋዮቹ መንገዱ ሲሰፋ ጠፍተዋል። በሁለተኛው ድንጋይ አጠገብ የነበረው መጋዘን ዘበኛ ኦቦ ጉልማ ግን በሕይወት አሉ፤ ሰፈራችን ሻይ ቤት በር ላይ ይቀመጣሉ።

"ኦቦ ጉልማ፣ ያ የኪሎ ሜትር ድንጋይ ትዝ ይልዎታል?" አልኳቸው።

"እንዴት ይረሳኛል? ወገቤን ያመመኝ እሱ ነው። የመጋዘኑ አዲስ በር ሲከፈት መግቢያውን ዘጋብን። እኔና ሁለት የቀን ሠራተኞች ነቅለን፣ ወደ አቃቂ ድልድይ፣ ወደ አንደኛው ድንጋይ መለስ አድርገን ዋርካው ሥር ተከልነው።"

"መቼ ነው ይሄ?"

"ወልዴ ከወጣ በኋላ ነው። እሱ ቢኖርማ በመስከረም መጥቶ ይጮህብን አልነበር?"

ዋርካውም በሩም አሁንም አሉ። ሰንሰለቱን ከዝገቱ አላቅቄ አወጣሁ፤ ኦቦ ጉልማ ወገባቸውን ይዘው ጫፉን ያዙልኝ። ሰባት ሰንሰለት ተኩል፣ መቶ ሃምሳ ሜትር። የእኔ ኪሎ ሜትር ስምንት መቶ ሃምሳ ሜትር ነበረ። ድንጋዩ እግር አልነበረውም፤ ሰዎቹ ግን እጅ ነበራቸው።

እዚያው ቆሜ አሰላሁ። እኔ መቶ ማይል ያልኩት ሰማንያ አምስት ነው። ነገሩ መጀመሪያውኑ ሊገባኝ ይገባ ነበር፤ የመኪናዋ መጽሐፍ መቶ ማይል ቢልም የእንግሊዝ አገር አየር ይዞ ነው፤ እዚህ ከፍታ ላይ ሞተር ትንፋሽ ያጥረዋል። ያን ሁሉ ዓመት የሠራሁላቸው ታክሲዎችና የጭነት መኪኖች ሁሉ መርፌያቸው ያጋንን ነበር። ፍጥነት ተጨመረልኝ ብሎ የሚጣላ ደንበኛ ደግሞ የለም። ከዚያ በሰማንያ አምስት ማይል የሚሄድ መኪና፣ ድንጋዩ ያልተነካውን የዱከሙን ኪሎ ሜትር በስንት ሰከንድ እንደሚጨርስ አሰላሁ። ሃያ ስድስት። መጋዘኑ በር ላይ ተቀመጥኩ። አፈርኩ፤ ከልቤ አፈርኩ።

ዝም ብል ማንም አያውቅም ነበር። መርፌውን አስተካክዬ "ሞላዋ አርጅታ ነው" ብላቸው ጋሽ ሰይፉ ያምኑኛል፤ የድሮው መቶ ማይል አይነካም። ይህን ያሰብኩት አንድ ቀን ሙሉ ነው። በማግስቱ ቆጣሪውን በፎጣ ጠቅልዬ በሚኒባስ ኮዬ ፈጬ ሄድኩ።

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሰንሰለቱን መተዌን፣ ድንጋዩን፣ ዋርካውን። ጋሽ ሰይፉ ቆጣሪውን ከፎጣው አወጡ።

"ስለዚህ ያን ቀን ስንት ነበር የምሄደው?"

"ሰማንያ አምስት፣ ጋሽ ሰይፉ።"

"በሰከንድስ?"

"ሃያ ስድስት።"

ወደ መስኮቱ ዞሩ። ከታች መኪናዋ ሸራ ለብሳ ትታያለች።

"ሠላሳ ዓመት ሳቅሁባት" አሉ። "የጭነት መኪና ለመቅደም ዓይኗን አምኜ ነፍሴን እሰጣት ነበር። ቁጥሯን ግን አላመንኳትም።"

"እኔም ስቄያለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው።"

"ኪሎ ሜትሩን ያሳጠርሽው አንቺ ነሽ። መሳቁን ግን ተካፍለነዋል።" ዓይናቸውን ጠረጉ። "በይ አስተካክዪው።"

በሚቀጥለው ሳምንት ሞላዋን ጠበቅ አደረግሁ። ኮዬ ፈጬ ካለ አንድ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ኪሎ ሜትሩን ከልጃቸው ጋር በሰንሰለት ለክተን ሁለቱን ጫፎች በኖራ አሰመርን። ልጃቸው ነዳች፣ እኔ ሰዓቱን ያዝኩ፣ ጋሽ ሰይፉ መንገድ ዳር ቆመው አዩን። በአርባ ማይል ሃምሳ ስድስት ሰከንድ መጣ። ስልኩም አርባ አለ።

ስንመለስ ጋሽ ሰይፉ ያን ወረቀት አወጡ። "መቶ" የሚለውን በአንድ መስመር ሰርዘው "ሰማንያ አምስት" ብለው ጻፉ። ከሥሩ ደግሞ "የለካችው እልፍነሽ" ብለው ጨመሩና ፈረሙ።

ቆጣሪ ለምትሠሩ ልጆች ይህን ጻፍኩ። መለኪያ ያላችሁትን ድንጋይ በየዓመቱ ለኩት። ከመሣሪያችሁ የተለየ ቁጥር የሚነግራችሁ ሰው ሲመጣ፣ ከመሳቃችሁ በፊት ሰንሰለቱን አውጡ።