ሦስት አውራጃ

ዛሬ ጠዋት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አፓርታማችን ፓርኪንግ ውስጥ የደላዌር ታርጋ ያለው መኪና አየሁ። ታርጋው ላይ በእንግሊዝኛ «የመጀመሪያዋ ስቴት» ይላል። ክላስ እንደሚረፍድብኝ እያወቅሁ ቆሜ ቀረሁ።

አራተኛ ክፍል ሳለሁ መምህራችን ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ስቴት አደለችን። ለጓደኛዬ ቴክሳስ ደረሳት፣ ለእኔ ትንሿ ደላዌር። በማግስቱ ክፍሉ ፊት ቆሜ ስለ ስቴቴ መናገር ነበረብኝ። ይስቁብኛል ብዬ ሶፋው ላይ አለቀስኩ።

«ምን ሆንሽ?» አሉኝ አያቴ።

«አባባ፣ ተራራ እንኳን የላትም! ያላት ሦስት ካውንቲ ብቻ ነው።»

«ካውንቲ ደግሞ ምንድን ነው?»

«አውራጃ ማለቷ ነው» አለ አባቴ ከኪችን።

አያቴ አገር ቤት የአውራጃ ጸሐፊ ነበሩ። ከት ብለው ሳቁ። «ሦስት አውራጃ! ጎጃም እንኳን ሰባት ነበረው!»

«ግን የዚህን አገር ሕገ መንግሥት ከሁሉም ስቴቶች ቀድማ ያጸደቀችው እሷ ናት» አልኩ ከወረቀቴ እያነበብኩ።

ሳቃቸው ቆመ። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ከነዚያ ሁሉ ትልልቆች ቀድማ? ወረቀቱ ባዶ ሳለ?»

«አዎ።»

«ልጄ፣ ሁለተኛው ፈራሚ የሚጠጋበት ስም አለው። የመጀመሪያው ግን ብቻውን ነው። እኔ አውቀዋለሁ።» ቀኝ እጃቸውን ገልብጠው ለረጅም ጊዜ አዩት። «ነገ ቀና ብለሽ ተናገሪላት።»

በማግስቱ ይሳቁብኝ አይሳቁብኝ አላስታውስም። የማስታውሰው ያንን እጅ ነው።

መኪናው ተነሥቶ ሄደ። አያቴ አሁን በሕይወት የሉም። ምን ላይ ቀድመው እንደፈረሙ ግን አንድም ቀን አልጠየቅኋቸውም።