ሳይበላ እንዳይነገረው

ልጄ ቅዳሜ ከሥራ ቀርታ አታውቅም። ሻኮፒ ካሉት ትልልቅ መጋዘኖች በአንዱ ነው የምትሠራው፤ ቅዳሜ ኦቨርታይም አለ። እሷን ቅዳሜ ጠዋት ቤት ማግኘት፣ በጥር ወር በረዶ በሚቆለልበት በከተማችን በኢገን በረንዳ ወጥቶ ፀሐይ እንደ መሞቅ ነው። ስለዚህ አንድ የጥቅምት ቅዳሜ ሻዬን እየጠጣሁ ሳለ ከኋላዬ መጥታ ትከሻዬን እቅፍ አድርጋ፣ «አባዬ፣ ዛሬ ባቡር ልጋብዝህ ነው። የጥንት ባቡር፣ በእንፋሎት የሚሄድ። አስጎብኚ አለው፣ ከሰዓት ደግሞ ሻይ ከነኬኩ ያቀርባሉ» ስትለኝ፣ ሰው እንደሞተብኝ ወዲያው አወቅሁ።

ሌላ አባት ቢሆን መርቋት፣ ከረባቱን አስሮ ይነሣ ነበር። እኔ ግን የዚህ ነገር ባለሙያ ነኝ። በቤተ ክርስቲያናችን መርዶ ሲመጣ ከሚላኩት ሽማግሌዎች አንዱ ነኝ። ለምን እንደመረጡኝ ነግረውኝ አያውቁም። ፊቴ ይመስለኛል፤ በሰርግ ቀን ስስቅ እንኳ ሰው ጠጋ ብሎ «ማን ሞተ?» ይለኛል።

«ስልኬስ?» አልኳት፣ ነገሩን ለማጣራት።

«አፕዴት እያደረገ ነው አባዬ። ይቆይ፣ ቻርጅ ላይ ነው።»

ይህን ሰበብ እኮ ለሰዉ ሁሉ ያስተማርኩት እኔ ነኝ! ባለጉዳዩ ፌስቡክ ከፍቶ የእናቱን ፎቶ ከሻማ ጋር እንዳያይ ስልኩን «አፕዴት» ማስደረግ የእኔ ፈጠራ ነው። ከዚያ በሆነ ምክንያት ከቤት ይወጣል፤ እሱ ሲወጣ ሰው ይሰበሰባል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሆዱ ነው። ሰው ሳይበላ መርዶ አይነገረውም፤ ከሰማ በኋላ ስንት ቀን እህል እንደማይቀምስ አይታወቅማ። ባቡር ከነኬኩ ማለት እንግዲህ ሁለቱንም በአንድ ቲኬት ነው። ልጄ ጎበዝ ናት፤ በሙያው እኔን መብለጧ አይቀርም።

የቀረው ጥያቄ አንድ ነበር። ማን?

ከእናቴ ልጆች የተረፍነው ሦስት ነን። ታላቅ እህቴ አዳማ ናት፣ ታናሽ ወንድሜ ድሬዳዋ። እህቴ አልጋ ላይ ከዋለች ቆይታለች። ወንድሜ ጤነኛ ነው፤ በየእሑዱ እየደወለ «አንተ ሽማግሌ፣ እስካሁን አለህ እንዴ?» ብሎ ይሰድበኛል። ከሁለቱ አንዱ ዛሬ የለም።

ለምን አልጠየቅኋትም? ፈሪ ስለሆንኩ ነው፤ ሌላ ጥሩ ምክንያት ፈልጌ አጣሁ። እስካልጠየቅሁ ድረስ ሁለቱም አሉ። ጃኬቴን ለበስኩና ተከተልኳት።

ባቡሩ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወንዙ ዳር ቆሞ ጠበቀን። ጥቁር ነው። እንደኔ አርጅቷል፣ እንደኔ ያለከልካል፤ ልዩነታችን፣ እሱ ሲያለከልክ ሰው ቲኬት ገዝቶ ፎቶ ያነሣዋል። ሰማዩ ዝቅ ብሎ ያካፋል። ዛፎቹ ቅጠላቸውን ጨርሰዋል። የመስኮት ወንበር ሰጠችኝ፤ ብርድ ልብስ አምጥታ እግሬ ላይ ጣል ስታደርግልኝ ደግሞ ጭራሽ ቅር አለኝ። ልጄ ብርድ ልብስ የምታለብስ ልጅ አይደለችም፤ «ሂተሩን ኦን አድርገው» የምትል ልጅ ናት።

አስጎብኚው ባለ ቆብ፣ ቀይ ፊት ሰውዬ ነበር። ማይክሮፎን ይዞ በፉርጎው መሀል እየተመላለሰ፣ ይህ ሐዲድ በድሮ ጊዜ ስንዴ እንዴት እንዳመላለሰ፣ እሳት የሚቆሰቁሰው ሠራተኛ እንዴት ፊቱ ተቃጥሎ ጀርባው እንደሚበርደው ያወራል። እኛ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«እናንተስ ከየት ናችሁ?»

«ከኢገን» አልኩት።

«አይ፣ መጀመሪያ?»

«መጀመሪያማ ፍሮግታውን ነበርን» አልኩት፣ ከኢገን በፊት የተከራየንበትን ሰፈር ጠርቼ።

ፉርጎው ሙሉ ሳቀ። ሌላ ቀን ቢሆን ልጄ «አባዬ!» ብላ በክርኗ ትወጋኝ ነበር። አሁን ግን እጄን ያዘችና «በጣም ፈኒ ነህ እኮ» አለችኝ። አቤት! እንዲህ ስትለኝ በቀረው ጥርጣሬዬም ላይ አፈር ተጫነበት።

ባቡሩ ወንዙን ተከትሎ ቀስ እያለ ሄደ። ወንዙ ጢሱን ይመስላል፣ ጢሱም ሰማዩን። እኔ በዚያ መስኮት አጠገብ ተቀምጬ መምረጥ ጀመርኩ። ማንም አላዘዘኝም። እህቴ ትሁን አልኩ። ዕድሜ ጠግባለች፣ ሕመሙም በዝቶባታል፣ ለእሷ ዕረፍት ነው። እንዲህ እያልኩ፣ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችኝን ሴት ገንዤ፣ ቀብሬ፣ የሕይወት ታሪኳንም በልቤ አንብቤ ጨረስኩ። ከዚያ ደነገጥኩ። ቶሎ ብዬ ከመቃብር አወጣኋትና በቦታዋ ወንድሜን ላስገባ ስል ደግሞ እጄ እምቢ አለኝ። እንደገና ወደ እሷ። ድልድዩን እስክናልፍ ድረስ ሁለቱን ሳወጣና ሳስገባ ቆየሁ። አስጎብኚው «በግራ በኩል ንስር ይታያል!» ሲል ሰው ሁሉ ተነሣ፤ እኔ ንስሩን አላየሁትም።

ሻዩ መጣ። ነጭ ሽርጥ ያደረገች ሴት ባለ ሦስት ደርብ ሳህን ጠረጴዛችን ላይ አቆመች። ከታች ጠርዙ ተቆርጦ የተጣለ የኪያር ሳንድዊች፣ መሀል ላይ ስኮን የሚሉት ደረቅ ዳቦ ከክሬምና ከማርማላታ ጋር፣ ከላይ አውራ ጣት የምታክል ኬክ።

«ብላ አባዬ።»

«አልራበኝም።»

«ጠዋትም ምንም አልበላህም። ፕሊስ።»

እኔ ግን ወስኛለሁ። ካልበላሁ አይነገረኝም፤ ደንቡ ደንብ ነው። ሰባውን የዘለልኩ ሽማግሌ፣ ሞትን በኪያር ሳንድዊች ላስቆም ቁጭ አልኩ። ሻዬን አማሰልኩ። ስኳር ጨመርኩ፣ ደግሞ አማሰልኩ።

ባለ ሽርጧ ሴትዮ ተመልሳ መጣች። «ምግቡ አልተመቸዎትም?»

«ጾም ላይ ነኝ» አልኳት።

ልጄ በአማርኛ፣ በዝቅተኛ ድምፅ፣ «ጴንጤ ሆነህ የምን የቅዳሜ ጾም ነው?» አለችኝ።

«አሁን ነው የጀመርኩት።»

ትስቃለች ብዬ ቀና ስል የእሷን ሳህን አየሁት። ምንም አልተነካም። ዓይኗ ዙሪያው ቀልቷል። ከሐሙስ ጀምሮ «አለርጂ ነው» እያለች ስታሸው ነበር፤ ውርጭ ከመጣ በኋላ የምን አለርጂ ነው ብዬ እንኳ አልጠየቅኋትም። ከሐሙስ ጀምሮ! ሁለት ቀን ሙሉ ሥራ ገብታ፣ ዕቃ አሽጋ፣ ቤት ስትመጣ ፈገግ ብላልኛለች። ለካ ሞቱን የራሴ ብቻ አድርጌው ኖሯል። እሷም አጎቷን ነው ወይ አክስቷን ያጣችው። እኔ ካልሰማሁ እሷ ማልቀስ አትችልም፤ እኔ ካልበላሁ ደግሞ አልሰማም። ይኸው ሻይ እያማሰልኩ የልጄን እንባ አፍኜ ተቀምጫለሁ።

በላሁ። ሳንድዊቹን በላሁ፤ ኪያሩ እንደ ብርዱ ነበር። ስኮኑን በላሁ፤ ጉሮሮዬ ላይ እንደ አሸዋ ቆመ፣ በሻይ ገፋሁት። ክሬሙ ጢሜ ላይ ቀረ። ልጄ ክሬሙን ልትጠርግልኝ ናፕኪን አንሥታ እጇ መንገድ ላይ ቆመ።

«ይኸው በላሁልሽ» አልኳት። «አሁን ልጠይቅሽ። ማን ነው?»

«ምኑ?»

«የኔ እናት፣ ስልክ አፕዴት የማድረጉን ነገር እኔ ነኝ የፈጠርኩት።»

ናፕኪኑን አስቀመጠች። «ቤት ሳትደርሱ እንዳትነግሪው ብለውኛል።»

«እሺ አትንገሪኝ። እህቴ ናት?»

ራሷን ነቀነቀች። አይደለችም።

ሌላ የምጠይቀው ሰው አልነበረኝም።

«በእንቅልፉ ነው አባዬ» አለች፣ ፊቷን ትከሻዬ ላይ ደፍታ። «አልተሰቃየም። ሂ ጀስት… አልነቃም።» ከዚያ አለቀሰች፣ የሦስት ቀኑን። አስጎብኚው ማይክሮፎኑን ዝቅ አድርጎ በሌላው በኩል አለፈ። እኔ ጸጉሯን እየዳሰስኩ ወደ ውጭ አየሁ። አላለቀስኩም። እህቴን በከንቱ እንደገደልኳት ነበር የማስበው፤ ሞት ምርጫዬን ሳይሰማ ሐሙስ ሥራውን ጨርሷል።

መኪና ውስጥ ስንገባ አፍንጫዋን ጠርጋ፣ «ሲነግሩህ ግን እንዳልሰማህ ሁን፣ እሺ? ፕሮሚስ አድርግ። ይቆጡኛል» አለችኝ።

«እሺ። ትያትር እሠራልሻለሁ።»

ሠላሳ አምስት ቁጥር አውራ ጎዳናን ይዘን ስንመለስ የመኪናውን የፀሐይ መከላከያ ዝቅ አድርጌ መስተዋቱ ላይ ተለማመድኩ። ዓይን ማፍጠጥ፣ ራስን መያዝ፣ «ውሸታችሁን ነው!» ማለት። ፊቴን ሳየው ምንም የሚጨመርበት አልነበረም።

የአፓርታማችን ፓርኪንግ ሞልቷል። ሳሎኑም እንዲሁ። ሰው ሁሉ ሲያየኝ ተነሣ፣ ማንም አልሳቀልኝም። ከፊት ወንበር ላይ ሁልጊዜ መርዶ አብሮኝ የሚሄደው ወዳጄ ተቀምጧል።

እኔና እሱ ሥራ ተከፋፍለናል። እሱ ነው የሚጀምረው፤ ስለ ዕድሜ ማጠር፣ ስለ ሰማዩ ቤት፣ ቀስ እያለ ሰውን ያለሳልሳል። የመጨረሻዋን ቃል ግን አፉ አያወጣትም፤ ያቺን የምላት እኔ ነኝ።

«ወንድማችን» አለ፣ «እንግዲህ አንተ የምታውቀውን ነው የምንነግርህ። ሁላችንም መንገደኞች ነን…»

ስንት ዓመት ይህን ንግግር ሰምቼዋለሁ፤ «በል አሳጥረው» እያልኩ እግሩን በጫማዬ ነካ የማደርግበት ጊዜም ነበር። አሁን እንዲያረዝመው ተመኘሁ። እስከ ማታ ቢያወራ ደስ ይለኛል። እሱ ግን እንደ ልማዱ ሄዶ ሄዶ ያቺ ቦታ ደረሰ። ቆመ። እንደ ልማዱም ዞሮ እኔን አየኝ።

ወዳጄ ያደረገው ገባውና ፊቱ ተለወጠ። አፉን ከፈተ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ምንም አልወጣም። ሌሎቹ መሬት መሬት ያያሉ። ልጄ ከበሩ አጠገብ ቆማ፣ ቃል የገባሁላትን ትያትር ትጠብቃለች።

ሰው እንዲህ ተንጠልጥሎ አይተውም። በሙያው ነውር ነው።

«ወንድሜ፣ ጌታ ያጽናናህ» አልኩ፣ በዚያ በለመድኩት፣ ቀስ ባለ ድምፅ። «ታናሽ ወንድምህ ዐርፏል።»

ከዚያም የሚወድቀውን ሰው ለመያዝ ሁለት እጄን ዘረጋሁ። እኔን የያዘችኝ ልጄ ናት።