ቦዩ የሚወስደው አንድ ሰዓት

ነገሩ የጀመረው አንድ ሐሙስ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከአርባ ላይ ነው። ሰዓቱን ያልረሳሁት ራሴ ስለወሰንኩት ነው። ዛሬ ጎብዬ ከተማ ሂሳብ አስተምራለሁ። ትናንት ደብተር ሳርም፣ አንዲት ተማሪዬ ጥያቄውን አንብባ ሳትጨርስ በኤክስ መጀመሯን አየሁና የዘጠነኛ ክፍሏ እኔ ትዝ አለችኝ።

ያን ጊዜ እናቴ ከቆቦ ወጣ ብሎ ሽንኩርት ነበራት፤ ውሃው ከጋራ ጉድጓድ ይመጣል። በየሐሙሱ ፓምፑ አሥር ሰዓት ሙሉ ይሠራል፤ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ይነሳና ከቀኑ አሥር ላይ ይቆማል። የምንካፈለው ከእትዬ ዘውዴ ጋር ነው። የእሳቸው ማሳ የእኛን እጥፍ ሲሆን፣ ያለውም ጉድጓዱ ሥር ነው። ውሃ የሚያከፋፍሉት አያ ሞላ በዓይናቸው ሲመድቡ ኖረው፣ "እስቲ አንቺ የተማርሽው፣ በወረቀት አድርጊልን" አሉኝ። ሰው ፊት መናገር እፈራ ነበር፤ መጻፍ ግን አልፈራም። የእኛን ድርሻ ኤክስ፣ የእሳቸውን ሁለት ኤክስ አልኩ። ሦስት ኤክስ እኩል ይሆናል አሥር። ለእኛ ሦስት ሰዓት ከሃያ ደረሰን።

ወሩ መጋቢት ነበር፤ ነፋሱ ፊት ይለበልባል። በስድስት ሰዓት ከአርባ ውሃው ወደ እኛ ተለቀቀ። ቦዩ ረጅም ነው፣ ፀሐይ ሰነጣጥቆታል። ውሃው ስንጥቁን ሁሉ እየሞላ ማሳችን ለመድረስ አንድ ሰዓት ፈጀ። ፓምፑ ሲቆም የመጨረሻዎቹ አራት መደቦች ጠብታ አላገኙም። ሽንኩርቱ ራስ መቋጠር ጀምሯል፤ ሌላ ሳምንት አይጠብቅም።

"ለአያ ሞላ እንንገራቸው" አልኩ።

"ተይው" አለች እናቴ። "ልጄ ናት የቆጠረችው እያልኩ ስኮራ ከርሜ፣ አሁን ተሳሳተች ልበል? በጄሪካን አጠጣዋለሁ።"

እስኪመሽ ተመላለሰች፤ አንዱን መደብ እንኳ አልጨረሰችም። እኔ ደብተሬን ከፈትኩ። ኤክስን ውሃው እኛ ማሳ ላይ የሚቆይበት ጊዜ አደረግኩት፤ የቦዩን አንድ ሰዓት ለብቻው ጻፍኩ። ሦስት ኤክስ ሲደመር አንድ፣ እኩል ይሆናል አሥር። ኤክስ ሦስት ሆነ፤ ለእትዬ ዘውዴ ስድስት ሰዓት፣ ለእኛ ከነቦዩ አራት። አንዲት ደቂቃ አልተረፈም። ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ይህን ሰው ፊት መናገር እንዳለብኝ አሰብኩና ደብተሩን ዘጋሁት።

በማግስቱ ገና ሲነጋ ዩኒፎርሜን ለብሼ ጉድጓዱ ጋ ሄድኩ። አያ ሞላም እትዬ ዘውዴም እዚያ ነበሩ።

"ተሳስቻለሁ" አልኩ መሬት መሬቱን እያየሁ። "ቦዩ የሚወስደውን አልጻፍኩትም።"

"እሱንማ ማን የማያውቅ አለ!" አሉ አያ ሞላ።

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

"መች ጠየቅሽን? የማሳውን ስፋት ጠየቅሽ፣ ነገርንሽ።"

ይህችን መልስ እስከ ዛሬ አስተምርባታለሁ።

እትዬ ዘውዴ ከት ብለው ሳቁ። "አይ ያንቺ ኤክስ! አርባ ደቂቃዬን ይዞብኝ ሊሄድ ነው? ለእናትሽ አደላ እንዴ?"

"አላደላም እትዬ። እርስዎ ማሳ ላይ ስድስት፣ እኛ ማሳ ላይ ሦስት። አሁንም እጥፍ ነው።"

በጣታቸው ቆጠሩ። "በይ ይሁን፤ እኔም የእናንተ መደብ ሲደርቅ ማየት አልወድም።"

"የዛሬዎቹ ባለተራዎች እስኪመጡ ቦያችሁን ክፈቺው" አሉኝ አያ ሞላ ወደ ፓምፑ እየሄዱ። "ቦዩ ከትናንት እርጥብ ነው፤ ዛሬ አንድ ሰዓት አይፈጅም።"

"ስንት ይፈጃል?" አልኳቸው።

"ሄደሽ እይዋ!"

ጫማዬን አውልቄ የቦዩን አፍ በዶማ ከፈትኩ። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አመለጠኝ፤ ደቂቃውን እየቆጠርኩ፣ ከውሃው ጎን ጎን እስከ መጨረሻው መደብ ወረድኩ።