አንድ ጉንፋን የያዛቸው መንታ ወንድማማቾች

ከአዲስ አበባ የወጣነው ገና ጎህ ሳይቀድ ነው፤ እኔ፣ ሾፌራችን ሞገስና አንድ የበረዶ ሳጥን። የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነኝ፤ የምሄደውም ደም ላመጣ ነው። በጎጃም ከቁይ ከተማ ማዶ የሚኖሩ መንታ ወንድማማቾችን ባለፈው ክረምት በአንድ ሳምንት ውስጥ አንድ ዓይነት የመተንፈሻ አካል ቫይረስ ይዟቸው ነበር። ገበሬው አያ ታከለ ቀድመው አሳሉ፤ ጥቂት ቀን ተኝተው ተነሡና እርሻቸው ገቡ። ቄስና የዜማ መምህር የሆኑት የኔታ ብርሃኑ ግን ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል በኦክስጅን ስንት ቀን ቆይተው ለጥቂት ተረፉ። መልካቸው አንድ፣ የወረሱት ዘር አንድ፣ በሽታቸው አንድ። ታዲያ አንዱን ነካ አድርጎ የተወ በሽታ ሌላውን ለምን ሊገድል ደረሰ?

የኔታ ታመው ሳለ የተወሰደ ደም አለን። አሁን ደግሞ ሁለቱም ጤነኛ ሆነው ሳለ የሁለቱንም እንፈልጋለን፤ በማን ሰውነት ውስጥ የትኛው ዘረመል እየሠራ፣ የትኛው አርፎ እንደተቀመጠ ለማየት። አያ ታከለ ግን አሻፈረኝ ብለዋል። የአንዱ ብቻ ከሆነ ድካማችን ከንቱ ነው። “አንቺ ምላስ አለሽ፣ ሂጂና ለምኚ” ተብዬ ተላክሁ።

ደጀን፣ ረፋድ ላይ

የዓባይን በረሃ ስንት ጊዜ እንዳቋረጥሁት አላውቅም፤ ዛሬም አፌን ከፍቼ ነው ያየሁት። ጠመዝማዛው መንገድ ራሴን ቢያዞረኝም ዓይኔን መጨፈን አልቻልሁም። ያ ሁሉ ገደል፣ ከታች ያቺ ቀጭን ቡናማ ውኃ! ሞገስ በየኩርባው ጥሩምባ እየነፋ “ብታስመልሺ መኪናዬን ታጥቢያለሽ” ይለኛል።

ደጀን ሽሮ በላን። ሒሳቡን ስሰማ “ተሳስተሽ እንዳይሆን?” አልኳት አስተናጋጇን።

“እናንተ አዲስ አበቤዎች ሲረክስም ትደነግጣላችሁ?” ብላ ሳቀችብኝ።

ሞገስ ወደ ፊት ደዋውሎ መንገዱ ሰላም መሆኑን አረጋገጠና ተነሣን።

ደብረ ማርቆስ፣ ማታ

ሆስፒታሉ በረዶ ቀየረልን። የኔታን ያስታመመችው ነርስ አንድ ነገር ነገረችኝ። አያ ታከለ በየቀኑ ከገጠር እየመጡ ከሆስፒታሉ አጥር ውጭ ይቀመጡ ነበር። ግቡ ቢሏቸው አይገቡም። ወንድማቸው ምግብ መቅመሳቸውን ጠይቀው ይመለሳሉ። ነገሩ ከነከነኝና እንቅልፍ አጣሁ።

ከቁይ ማዶ

በማግስቱ ጠጠሩ መንገድ ቁይ አደረሰን፤ ከዚያ በእግር። ጤፉ ቢጫ ሆኖ ነፋሱ ሲያስተኛውና ሲያነሣው እያየሁ ድካሜን ረሳሁ። ሞገስ ሳጥኑን ተሸክሞ ከኋላዬ ያጉረመርማል።

የኔታ ከደጃቸው ዛፍ ሥር ጠበቁን። “ደም የፈሰሰው ቄስ በዚያ ቀን መቅደስ አይገባም። የቅዳሴ ተራዬን ለሌላ ሰጥቼ ነው የጠበቅሁሽ፣ ልጄ” አሉኝ። ያ ዜማ ያስተማረ ድምፅ ዛሬም ይሰነጠቃል።

“ወንድምዎስ?”

በአገጫቸው ወደ አጥሩ ጠቆሙኝ። ዞር ብል፣ ወይ ጉድ! ጥምጥሙን ያወለቁ የኔታ ከአጥሩ ማዶ ቆመዋል። ያው ግንባር፣ ያው አፍንጫ፣ አንገታቸውን ዘንበል የሚያደርጉበት ሁኔታ እንኳ ያው ነው። እጄን አፌ ላይ ጫንሁ።

“ከታመምሁ ወዲህ ደጄን ረግጦ አያውቅም” አሉ የኔታ።

ወደ አጥሩ ሄድሁ። “አያ ታከለ፣ እንደምን አሉ?”

“እግዜር ይመስገን። ደሜን ግን አልሰጥም።”

“ለምን?”

“ይመሰክርብኛላ!” አሉ። “መጀመሪያ ያሳልሁ እኔ ነኝ። ያን ሰሞን እሱ ቤት አንድ መደብ ላይ ነበር የምንተኛው። ደሜን አይታችሁ ‘ብርሃኑን ሊገድለው የነበረ ታከለ ነው’ ትላላችሁ። እኔስ አውቀዋለሁ። ሲጻፍ ግን የእሱን ልጆች በምን ዓይኔ አያለሁ?”

አንጀቴን በሉት። እኛ ስለ ሳይንስ ስናወራ፣ ሰውዬው ፍርድ ሲጠብቁ ነው የከረሙት።

“ደሙ ማን ለማን እንዳስተላለፈ አይናገርም” አልኋቸው። ከዚያ ወደ የኔታ ዞርሁ። “የዓመቱ ዜማ ሁሉ በመጽሐፍ ተጽፎ አለ። ግን በአንድ ቀን ሁሉም አይዜምም፤ አይደል የኔታ?”

“እንዴት ተደርጎ! ለየበዓሉ የራሱ አለው።”

“እናንተም አንድ መጽሐፍ ይዛችሁ ነው የተወለዳችሁ። በሽታው ሲገባ የአያ ታከለ ሰውነት የሚገባውን ዜማ ቶሎ ጀምሮ በጊዜ አቁሞ ይሆናል። የእርስዎ ደግሞ ዘግይቶ ጀምሮ፣ ከዚያ ማቆም አቅቶት ሳንባዎን ጎድቶት ይሆናል። እኛ የምናየው የተዜመውን ነው።”

አያ ታከለ የአጥሩን እንጨት ጨበጡ። “ታዲያ ለምን እኔን ማረኝ?”

“አናውቅም፣ አያ። እውነቱን ልንገርዎ፣ ገና አናውቅም። ለዚያ ነው የመጣሁት።”

“ታከለ!” አሉ የኔታ ከዛፉ ሥር። “ወንድሜ፣ ከሞት ተረፍሁ ብዬ ሳላጫውትህ ክረምቱ አልፎ አዝመራው ደረሰ። ግባ እንጂ!”

ገቡ። አንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው እጅጌያቸውን ሲሰበስቡ ክንዳቸውን አየሁና ቀጥ አልሁ። ደም ሥራቸው እንኳ አንድ ቦታ ላይ ነው የሚከፈለው። ስንት ዓመት ደም ቀድቻለሁ፣ እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም። አያ ታከለ መርፌውን ላለማየት ፊታቸውን ሲያዞሩ የኔታ “በሬ ጠምደህ የምትውል ሰውዬ!” ብለው ሳቁ፤ ሳቁ ሳል ሆነ። አያ ታከለ ጥጡን ከእጄ ወስደው የወንድማቸው ክንድ ላይ ያዙላቸው። ደሙ ከቆመ በኋላም አልለቀቁም።

አዲስ አበባ

ስመለስ ሳጥኑን ጭኔ ላይ አድርጌ ነው የመጣሁት። በእያንዳንዷ ጠብታ ውስጥ ያ ሁሉ መጽሐፍ ስንት ሺህ ጊዜ ተገልብጦ እንዳለ እያሰብሁ፣ ዓባይ ስደርስ ገደሉ እንኳ አነሰብኝ። ማቀዝቀዣው ውስጥ ያስገባኋቸው ብልቃጦች ለዓይን ምንም ልዩነት የላቸውም። ሰውነት ምን እንደሠራ አንድ ቀን ይነግሩን ይሆናል። ሰውን ከአጥር ውጭ ያስቀረውን ነገር ግን ሄጄ ባልጠይቅ ኖሮ ከየትኛውም ብልቃጥ አላገኘውም ነበር።

ጫማዬን ሳላወልቅ ስልኬ ጮኸ። አያ ታከለ ናቸው።

“ደሜ ደረሰ?”

“ደርሷል፣ አያ።”

“የብርሃኑስ?”

“የእሳቸውም።”

“አንድ ላይ ናቸው?”

“ጎን ለጎን ናቸው።”

“በይ እኛም እንደዚያው ነን” አሉኝ። ከአጠገባቸው ያ የሚሰነጠቅ ድምፅ “ማናት?” ሲል ተሰማኝ።