ሰባና ሰባት

በሶዳ ፎርክ ከተማ የቨርሊን ስቶዳርድን ካርታ ሙሉውን አይቻለሁ የሚል ሰው የለም። የምግብ ቤቱ በር ገና ሲጢጥ ሲል ባርኔጣውን ከራሱ አውልቆ ካርታው ላይ ይደፋዋል። ከዚያ ራሰ በራውን እያሻሸ ስለ አየሩ ያወራል። አስተናጋጇ እንቁላሉን ስታመጣለት ሳህኑን ባርኔጣው ጎን ታስቀምጣለች እንጂ "እስቲ ይቺን አንሳት" አትለውም። አንድ ጊዜ ብላው ነበር፤ ቨርሊን ሳህኑን ጭኑ ላይ አድርጎ በላ።

አዳኝ ሁሉ ይብዛም ይነስም እንዲሁ ነው። በዚህ በዋዮሚንግ ጥግ አንዱን ሰውዬ የጡረታ ገንዘቡን ብትጠይቀው ይነግርሃል፤ የሆድ ድርቀቱን ሳትጠይቀው ይነግርሃል። ኤልክ የሚባለውን ትልቁን አጋዘን የት እንዳየው ከጠየቅኸው ግን እጁን ዘርግቶ ሦስት ተራራ ያህል ያካልልና "ወዲያ በኩል ነው" ይልሃል። ዋሸኝ ብሎ የሚቀየም የለም። ቨርሊን ግን ከሁሉም ይብሳል። ጎረቤቱ እንደምን አደርክ ሲለው እንኳ መጀመሪያ ምን ፈልጎ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ነው።

ዕድሜውን የጨረሰው የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሲጠግንና ሲነዳ ነው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ፣ በረዶው መንገዱን ሲዘጋ፣ ሥራው ማመልከቻ ሆነ። ማደን የሚፈልገው ብዙ፣ የሚፈቀድለት ጥቂት ነውና እያንዳንዱ ግዛት ዕጣ ያወጣል። የሁሉም ደንብ ለየቅል ነው። አንዱ ብዙ ለጠበቀ ያደላል፣ ሌላው እንደ ሎተሪ እንዳመጣለት ያወጣል፣ ዕጣው ያልወጣለት ደግሞ ለከርሞ የሚረዳው ነጥብ ይያዝለታል። ቨርሊን የአሪዞናውን ከሌሎቹ አስቀድሞ ይልካል፣ ቀጥሎ የዩታውን፣ ቀጥሎ የኮሎራዶውን፣ በመጨረሻ የኔቫዳውን። የትኛው ከተሳካ የትኛው እንደሚሰረዝ፣ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚጋጭ ሁሉ በራሱ ውስጥ አለ።

"የልደቴ ቀን ይጠፋሃል፤ የኔቫዳ መዝጊያ ግን አይጠፋህም" ትለዋለች ባለቤቱ ሜቪስ።

"ልደትሽ ቢያልፍ ለከርሞ ይመጣል" ይላታል። እሷም የእጅ ፎጣውን ትወረውርበታለች።

ከሁሉ ግን ልቡ ያለው ኮሎራዶ ነው። እዚያ ቀጠና ሁለት መቶ ሰባት የሚባል ቦታ አለ። ድሮ የትምህርት ቤቱን ስፖርተኞች በአውቶቡስ ይዞ ሲሄድ መኪናው ተበላሽቶበት አንድ ሽማግሌ ከብት አርቢ ያሳየው ሸለቆ ነው። የዚያን ቀን ያየውን ወንድ ኤልክ፣ ቀንዱን ወደ ኋላ ጥሎ ዛፍ መሀል ሲያልፍ፣ እስካሁን በሕልሙ ያየዋል። ለዚያ ቀጠና ጸጉሩ ጥቁር ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ ነጥብ ሲያጠራቅም ኖሯል፤ ዘንድሮ ነጥቡ ሞላ። ጉልበቱ ደግሞ አለቀ። ሐኪሙ ከዚህ መኸር በኋላ ተራራ መውጣት አበቃልህ ብሎታል። ስለዚህ የቀረው ይቺ አንዲት አደን ነበረች፤ እሷንም ከኦረን ታኬት ጋር ሊያደርጋት ነበር ሐሳቡ።

ኦረን የጎልማሳነት ጓደኛው ነው፤ ረጅም፣ ዝግተኛ፣ ሳቁ ከሆዱ የሚወጣ አናጺ። ሚስቱ ሌኖራ ብዙ ታማ ከሞተችበት ጥቂት ዓመት ሆኖታል። ከኦረን ጋር ዋዮሚንግ ውስጥ ያልረገጡት ሸንተረር የለም፤ የተኮሱትንም ሥጋ እኩል ተሸክመው ነው የሚወርዱት። ኮሎራዶን በቡድን እንጠይቃለን ብለው ከተማከሩ ቆይተዋል። የቀጠናውን ቁጥር ግን ቨርሊን ለኦረንም አልነገረውም። ማመልከቻው የሚላክ ዕለት እነግረዋለሁ ብሎ ነው የያዘው።

መጋቢት ላይ ኦረን ምግብ ቤቱ ገባ። ባርኔጣው ካርታው ላይ ተደፋ።

"ቨርሊን፣ የኮሎራዶውን ነገር ሳስበው ነበር" አለ ኦረን፣ ወንበሩን እየሳበ። "ዘንድሮ ለየብቻችን ብንጠይቅስ?"

"ለየብቻችን?"

"አዎ። አንተ ያንተን፣ እኔ የእኔን።"

"ምነው? ሸተትኩህ እንዴ?"

"መሽተቱንስ ድሮም ትሸታለህ" አለ ኦረን፤ ግን እንደ ወትሮው አልሳቀም። የቡናውን ስኳር ሲያማስል ቆየና "ቁጥሩ ግን ስንት ነው? የምትጠይቅበት ቀጠና" አለ።

ቨርሊን ሹካውን አስቀመጠ። ከቡድን እወጣለሁ የሚል ሰው ቁጥሩን ለምን ይፈልጋል? ደግሞስ ያን ያህል ዓመት ሳይጠይቅ ዛሬ ምን አስጠየቀው? የኦረንን ፊት አየ። ኦረን ወደ ቡናው ነበር የሚያየው።

"ሁለት መቶ ሰባ" አለው ቨርሊን።

ያቺን "ት" ዋጣት። ሳይታሰብ አልነበረም። ከተነቃብኝ አፌ ተሳስቶ ነው እላለሁ ብሎ፣ በዚያች ቅጽበት፣ መውጫውን ጭምር አዘጋጅቶ ነው የዋጣት። ሁለት መቶ ሰባ ከሁለት መቶ ሰባት የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ ያለ፣ ቁጥቋጦ እንጂ ዛፍ የማያውቅ ደረቅ ምድር ነው።

"ሁለት መቶ ሰባ" አለ ኦረን፣ እንዳይረሳው ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ። "አመሰግናለሁ ወንድሜ።"

ከዚያ ወዲያ ቨርሊን የኦረን ነገር ሁሉ አልጥምህ አለው። አንድ ቅዳሜ በኦረን ቤት በኩል ሲያልፍ የኮሎራዶ ሰሌዳ የለጠፈ መኪና፣ ኋላው የእንስሳ ተጎታች ያለው፣ በሩ ላይ ቆሞ አየ። አንድ ሪዛም ሰው ከኦረን ጋር አጥር ተደግፎ ያወራል። ቨርሊን መኪናውን አዘገየ። ኦረን አየውና እጁን አነሳለት፤ ግን ና ግባ አላለውም። ቨርሊን ዞሮ ተመልሶ ሁለተኛ አለፈ። ሪዛሙ ሰው አሁን መሬት ላይ በእንጨት የሆነ ነገር እየሳለ ነበር።

"ቦታዬን እየሸጠው ነው" አለ ቤቱ ሲገባ።

"ማን?" አለች ሜቪስ።

"ኦረን ነዋ። አዳኝ ከሚመራ ሰው ጋር ተዋውሏል። ሀብታሞቹን ይዘው ሊወርዱብኝ ነው።"

"ኦረን የእኛን የቤት ቁልፍ ስንት ዓመት ይዞ የኖረ ሰው ነው። ምን ወሰደብህ?"

"የቤት ቁልፍ ሌላ፣ ኤልክ ሌላ።"

"አንተ ሰውዬ አንድ ቀን ጥላህን ተከተለኝ ብለህ ትከሰዋለህ" አለችና ወደ ድንቿ ተመለሰች።

ቨርሊን አላስቻለውም፤ ስልክ መታ። ያ እንግዳ ማን ነው ብሎ ጠየቀ። ኦረን "የቆየ ወዳጅ ነው" አለው። ኦረን የቆየ ወዳጅ ኖሮት ቨርሊን የማያውቀው ሊሆን አይችልም። ስልኩን ዘግቶ ተቀመጠ። እንኳንም ዋጥኳት አለ በልቡ። የዚያኑ ሳምንት ማመልከቻውን ለብቻው ላከ፤ ቀጠና ሁለት መቶ ሰባት፣ ወንድ ኤልክ። ሲልክ ትከሻው ላይ የሚያየው ሰው ያለ ይመስል በሩን ቆልፎ ነበር።

በረዶው ቀልጦ ሣሩ ብቅ ሲል ዕጣው ወጣ። ለቨርሊን ደረሰው። ይሄን ያህል ዘመን የጠበቀው ነገር ስክሪኑ ላይ ተጽፎ ሲያየው መጀመሪያ የመጣበት ሐሳብ ኦረን እንዳይሰማ የሚል ነበር። ደስታውን እንኳ ደብቆ ነው የተደሰተው።

በማግስቱ ኦረን ራሱ መጣ። ቨርሊን ከቤቱ ደጃፍ ተቀምጦ ጉልበቱን በቅባት ያሻል። ኦረን ደረጃውን ሳይወጣ "ደረሰኝ" አለ፣ ፊቱ በራ ብሎ።

"ምኑ?"

"ሁለት መቶ ሰባ ነዋ። ሴቷ ናት የደረሰችኝ፤ ድሮም የሴቷ ፈቃድ ነጥብ አይፈልግም። ላንተ ወንዱ፣ ለእኔ ሴቷ፣ ድንኳናችን አንድ። አልደረሰኝም እንዳትለኝ ብቻ። ያን ሁሉ ነጥብ ይዘህ ካልደረሰህማ ዕጣ የሚባል ነገር የለም።"

ቨርሊን የቅባቱን ክዳን ገጠመ። ኦረን ደረጃው ላይ ተቀመጠና ባርኔጣውን አውልቆ በጣቱ ያዞረው ጀመር።

"አሁን ልናዘዝ" አለ። "ነጥብ የለኝም እኮ። ሌኖራ ስትታመም ማመልከቻ ማን አስታወሰ? አንተ ላክህ ወይ ስትለኝ ላክሁ እልህ ነበር፤ እሷን ከማንሳት ይሻለኝ ነበር። ኮሎራዶ ደግሞ በቡድን ከጠየቅህ ነጥብ ባነሰው ሰው ልክ ነው የሚያይህ። አብሬህ ብገባ ነጥብህን ሁሉ ገደል ልከተው ነበር። ብነግርህ ደግሞ ግድ የለም፣ አብረን እንጠይቅ ትለኛለህ። አውቅሃለሁ።"

ቨርሊን እንደዚያ ይል እንደነበር እርግጠኛ አልነበረም።

"ያ ሪዛሙ ሰውስ?" አለ፤ ድምፁ ከሩቅ ነው የመጣው።

"እሱ በቅሎ አከራይ ነው። በዚያ ጉልበትህ ሥጋ ተሸክመህ ልትወርድ ነው? ሁለት በቅሎ ይዞ ሁለት መቶ ሰባ ድረስ ይመጣልናል፤ ቃል ተጋብተናል። ድንገት ላስደስትህ ብዬ ነው የደበቅሁህ። አንተ ደግሞ፣ ሁለቴ ስታልፍ አየሁህ፤ ሰላይ ትመስል ነበር።" አሁን ከሆዱ ሳቀ።

ያን ጊዜ ሜቪስ በሩን በክርኗ ገፍታ ሎሚናት ይዛ ወጣች። "እንኳን ደስ አላችሁ" አለች። "ያ ሁለት መቶ ሰባት ጸጉሩን ሁሉ ጨርሶት ነው የደረሰው።"

"ሰባ" አለ ኦረን።

"ምን ሰባ? ሰባት ነው እንጂ። ለዘመናት በእንቅልፉ ሲጠራው ስሰማ የኖርኩት እኔ ነኝ።"

ኦረን ወደ ቨርሊን ዞረ። የባርኔጣው መሽከርከር ቆመ። ቨርሊን ያዘጋጃትን መውጫ ፈለጋት፤ ነበረች።

"አፌ ተሳስቶ ይሆናል" አለ።

ኦረን ባርኔጣውን ራሱ ላይ አደረገ። የሚናደድ ሰው ፊት አልነበረም ፊቱ፤ ግድግዳ ሲለካ ጠማማነቱን ያየ አናጺ ፊት ነበር። "የአራት ግዛት ማመልከቻ ያለ ወረቀት በራስህ ይዘህ ትዞራለህ" አለ ቀስ ብሎ። "አንተ ቁጥር አትሳሳትም ቨርሊን።" ሎሚናቱን ከሜቪስ ተቀበለ፣ አመስግኖ እስከ ታች ጠጣው፣ ብርጭቆውን ደረጃው ላይ አስቀመጠና ሄደ። ቨርሊን ይቅርታ የምትለዋን ቃል አፉ ድረስ አምጥቷት ነበር። ሳይላት የኦረን መኪና ታጠፈች።

በጋውን ሙሉ ሲገናኙ ሰላም ተባባሉ። ስለ አየሩ አወሩ። የሁለት መቶ ሰባት ፈቃድ አልቆ ነበርና ኦረን የሚለውጥበት መንገድ አልነበረም፤ በቅሎዎቹም ለሁለት መቶ ሰባ ቃል የተያዘባቸው ናቸው። ቨርሊን ሌላ ረዳት ሊጠራ ይችል ነበር፤ ከተማው በጎረምሳ የተሞላ ነው። ግን ለሚጠራው ሰው ቁጥሩን ሊነግረው ነው። ሜቪስ አብሬህ ልሂድ ብላው ነበር፤ ድስት እንጂ የኤልክ ታፋ አትሸከሚም አላት። ብቻውን ወረደ።

ሸለቆው እንደ ድሮው ነበር። የአደኑ ወቅት በተከፈተ ዕለት ጠዋት ፀሐይ ሸንተረሩን ሳትነካ ወንዱ ኤልክ ከዛፉ ጥግ ወጣ። ፉጨቱን ለቀቀ፣ አንገቱን ዘረጋ፣ ከዚያ ጎኑን ሰጥቶ ቆመ። ቨርሊን ጠመንጃውን አነጣጠረ። ዕድሜ ልኩን ያለመው እንስሳ ከፊቱ ነበር፤ ሊስተው የማይችል።

ከዚያ ሥጋውን አሰበ። ያ ሁሉ ሥጋ፣ ያ ሁሉ ዳገት፣ በዚህ ጉልበት። አንዱን ታፋ ይዞ ሲወጣ ሌላው ፀሐይ ላይ ይበላሻል። ሥጋ ሜዳ ላይ ጥሎ የሚሄድ አዳኝ በዚህ አገር ሰው አይባልም፤ ሕጉም ይቀጣዋል፣ ከሕጉ በፊት ግን ምግብ ቤቱ ይቀጣዋል። የሚያግዘው ሰው ግማሽ ቀን ርቆ፣ እሱ ራሱ በላከው ደረቅ ምድር ላይ ነበር። ቨርሊን ጠመንጃውን ዝቅ አደረገ። ኤልኩ ሣሩን ጋጠ፣ ጋጠና ሳይቸኩል ዛፉ ውስጥ ገባ። ቨርሊን እዚያው ተቀምጦ አለቀሰ።

ከሰዓት በኋላ ሁለት መቶ ሰባ ደረሰ። የኦረንን ድንኳን ያገኘው በበቅሎዎቹ ጩኸት ነው። ሪዛሙ ሰው እያፏጨ ይጭናል፤ የኤልኳ ሥጋ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ በድንኳኑ ጥላ ሥር ተሰቅሏል። ኦረን ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ካርታ ያያል። ቨርሊንን ሲያነክስ ሲመጣ አየና ብድግ አለ፣ መቀመጫውን ለቀቀለት፣ ባቄላ በሥጋ ቀድቶ ሰጠው።

"ያንተስ?" አለ ኦረን።

"አየሁት። አልተኮስኩም። የሚሸከምልኝ የለማ።" ቨርሊን ማንኪያውን አስቀመጠ። "ኦረን፣ አፌ አልተሳሳተም። ሆን ብዬ ነው። ጠርጥሬህ ነው። ይቅር በለኝ።"

"አውቄዋለሁ" አለ ኦረን። "ይሁን። ብላ፣ ይቀዘቅዛል።"

እውነትም ይቅር ያለው ይመስል ነበር። ቨርሊን በላ። ባቄላው ጥሩ ነበር፣ በርበሬውም እንደሚወደው በዝቶ ነበር። ልቡ ትንሽ ቀለል አለውና እንደ ድሮው ወሬ ለመጀመር ወደ ተሰቀለው ሥጋ በአገጩ እያመለከተ "ሸጋ ናት። የት አገኘሃት?" አለ።

ኦረን ባርኔጣውን አወለቀና ካርታው ላይ ደፋው። ከዚያ እጁን ዘርግቶ ሦስት ተራራ ያህል አካለለ።

"ወዲያ በኩል ነው" አለው።