ትልልቆችን የከሰሰችው ልጅ

የታሰርኩበት ክፍል ቀድሞ የማዳበሪያ መጋዘን ነበር። ከረጢቶቹ ወጥተው ሽታቸው ቀርቷል፤ ዓይን ያቃጥላል። ገበሬው ማዳበሪያ ጠፋ እያለ በሚያለቅስበት ዓመት እኛ ሽታው ላይ ተኝተን ከረምን። ከማንኩሳ ወጣ ብሎ ካለው ትምህርት ቤቴ የወሰዱኝ ጠዋት ነው፤ የጠመኔ እጄን እንኳ አልታጠብኩም። ከግድግዳው ሥር ጥምጥማቸው የወየበ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። እጄን አይተው ጠጋ አሉልኝ።

"መምህር ነህ መሰል። እኔም ያው ነኝ" አሉ።

ከደምበጫ በኩል የመጡ የቅኔ መምህር ነበሩ። ሁላችንም የኔታ እንላቸዋለን።

ያሳሰረኝ አንድ የአማርኛ ትምህርት ነው። ስለ ክርክር የሚያስተምረው ምዕራፍ ሲደርስ መጽሐፉ የከተማ ኑሮ ይሻላል ወይስ የገጠር እያለ ይጠይቃል፣ ልጆቹም ያንቀላፋሉ። እኔ መጽሐፉን ዘጋሁና አያቶቻቸው በዛፍ ጥላ ሥር ይሟገቱበት የነበረውን የድሮ ሙግት አመጣሁላቸው። ከሳሹ ነጠላውን አጣፍቶ ይቆማል፣ በትሩን ይዘረጋል፣ "ተጠየቅ!" ብሎ ክሱን ቤት እያስመታ ያወርደዋል። መጀመሪያ አህያ ጅብን ከሰሰች። ጅቡ የሆነው ልጅ "ስበላት እኮ ዝም ብላኛለች" ብሎ ሲከላከል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። በሚቀጥለው ሳምንት የራሳችሁን ክስ ይዛችሁ ኑ አልኳቸው።

አንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ተነሣች። ስሟን ያን ጊዜ አልተናገርኩም፣ ዛሬም አልናገርም። መልስ ስጪ ስትባል ጥፍሯን የምትበላ ልጅ ናት። ትምህርት ቤታችን በጦርነቱ ዓመቱን ሙሉ ተዘግቶ ከርሞ ገና መከፈቱ ነበር። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ፣ "ከሳሽ ተማሪዎች፣ ተከሳሽ ትልልቅ ሰዎች በሙሉ" አለችና ቀጠለች፦

ተጠየቁ ትልልቆች፣ ተጠየቁ፣ ተጠየቁ፤
እኛ ትምህርት ስንለምን፣ እናንተ ስትናነቁ፤
ደወሉን ዝገት በላው፣ ወንበሩ ማገዶ ሆነ፤
የኛ ዓመት የት ገባ፣ በማን እጅ ባከነ?

ተከሳሽ ሆኖ የሚመልስላት ልጅ ጠፋ። እኔም ከተከሳሾቹ አንዱ ነኝ። በማስተማር ዘመኔ እንደዚያ ቀን ደስ ያለኝ ቀን አላስታውስም። አንዱ በስልክ ቀርጿት ኖሮ፣ ቪዲዮው ብዙም ሳይቆይ ቡሬ ደረሰ፤ እኔ ደግሞ መጋዘን።

መርማሪው ጨዋ ሰው ነበር። ሻይ አዘዘልኝ፤ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ግጥሙን ደጋግሞ አሰማኝ።

"ማን ናት?"

"ፊቷ አይታይም።"

"መምህሯ አይደለህ እንዴ? የማን ልጅ ናት? እቤቷስ ማነው ይህን ያስጠናት?"

መጀመሪያ አባቷን፣ ከዚያም እሷን ሊያመጧቸው እንደሆነ ገባኝ።

"የጻፍኩት እኔ ነኝ። እሷ ሸምድዳ ነው የወጣችው። ለሌላ ልጅም ልሰጠው እችል ነበር" አልኩ።

ሰውየው ወንበሩ ላይ ተደላደለ። "እኔም ብያለሁ። የገጠር ልጅ ይህን ከየት ታመጣዋለች?"

"ከየት ታመጣዋለች" አልኩ እኔም።

ሻዩን ትቼው ተነሣሁ። ስለ ልጅቱ ዳግመኛ አልጠየቀኝም።

ክፍላችን ስመለስ የኔታ ምን እንዳልኳቸው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።

"ልጅቱን ማዳንህ ደግ። ቅኔው ግን የማን ነበር?"

"የእሷ ነው፣ የኔታ። እኔ አንዲት ፊደል አላረምኩም።"

"አይ ልጄ። የሰው ቅኔ የኔ ነው ማለት እኛ ቤት ነውር ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ፤ አሁንማ አትመልሰውም። ቢሆንም እዚህ እንኳ እውነቱ ይነገር። ተነሥና ቅኔዋን ስጣት።"

ተነሣሁ። ብርድ ልብሴን እንደ ነጠላ አጣፋሁ። ከቡሬ የመጣ የባጃጅ ሾፌር ዳኛ እኔ ነኝ ብሎ የተደፋ ባልዲ ላይ ጉብ አለ፤ ሰዉም ሳቀ።

"ይህ ግጥም የተማሪዬ ነው። መርማሪው ፊት የኔ ነው ያልኩት ውሸት ነው" አልኩና ግጥሙን ቀስ ብዬ አወረድኩት።

ሾፌሩ ያሰናዳውን ቀልድ ተወው፤ ከባልዲውም ላይ ተነሣ። የኔታ ራሳቸውን እየነቀነቁ "ይበል፣ ለባለቤቷ ይበል" አሉ። ቅኔ ቤት ለባለቅኔ የሚሰጠው ምስጋና ይህ ነው። እሷ ግን አልሰማችውም።

ስፈታ፣ ለመርማሪው የሰጠሁት ቃል ቀድሞኝ መንደር ደርሶ ነበር። መምህሩ ራሱ ጽፎ እንደሰጣት አምኗል ተብሎ በስብሰባ ተነግሯል። መንደሩ ልጅቱን ያውቃታል፤ ማንም ግን አልጠቆመባትም። አባቷ ጉልበቴን ሊስሙ ጎንበስ አሉ። ጎረቤቱ ደግሞ "እኛስ ከየት አመጣችው ብለን ነበር" ይላል። በአደባባይ ላስተባብል አልችልም፤ ካስተባበልኩ ወደ እሷ መመለሳቸው ነው። ልጅቱ ወደ ክፍል አልተመለሰችም።

ዛሬም አስተምራለሁ። የክርክር ምዕራፍ ሲደርስ ግን መጽሐፉ ላይ ያለውን አንብቤ አልፋለሁ፤ ልጆቹም ያንቀላፋሉ። ይህ ይቆጨኛል። ከዚህ ይልቅ የሚቆጨኝ የእሷ ነገር ነው። ሌላ መልስ ነበረኝ ወይ እያልኩ ብዙ አስቤአለሁ፣ አላገኘሁም። ባላገኝም ቁጭቱ አልለቀቀኝም።

አሁን ቡሬ እህል ነጋዴ ዘንድ ተቀጥራ በቆሎ ትመዝናለች። ባለፈው የገበያ ቀን ሄጄ ሰው ቀለል እስኪል ጠበቅኋት።

"ያ ግጥም ያንቺ ነው። የኔ ነው ያልኩት እንዳይነኩሽ ብዬ ነው" አልኳት።

"አውቃለሁ፣ ቲቸር። አባቴ ነግሮኛል። እግዜር ይስጥልኝ።"

"ከዚያ ወዲህስ ጻፍሽ?"

ከሚዛኑ ላይ የፈሰሰውን በቆሎ በእጇ ሰበሰበች።

"አይ፣ ቲቸር። ሰው ሁሉ የእርስዎ ነው ሲል ሲል፣ አሁን አሁን ለኔም የእርስዎ ይመስለኛል።"