ትምህርቴ ያስታረቃቸው ወንድማማቾች

የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ምን ይጠቅማል ለምትሉ ተማሪዎች፣ በእኔ የደረሰውን ልንገራችሁ።

በሐምሳዎቹ ውስጥ ሦስት ዓመት ሶዶ ከተማ መጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ተምሬ፣ ዲፕሎማዬን ይዤ ወደ ትውልድ መንደሬ ጉኑኖ ተመለስኩ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ግን፣ «በእርሻ ድንበር የተጣሉትን የመንደራችንን ሁለት ወንድማማቾች ካስታረቅህ ወንጌላዊያችን ትሆናለህ፤ አለዚያ እንደ አባትህ እርሻህን ያዝ» አሉኝ።

የተማረ ሰው መቼም የሚሰብከው በአማርኛ ነው። ስለዚህ አፌን የፈታሁት በወላይትኛ ቢሆንም፣ አጎቴ አጠገቤ ቆሞ እንዲተረጉምልኝ አደረግሁ። «ይቅርታ» የሚለውን ቃል ከግሪኩ ጀምሬ ስተነትን ፀሐይዋ አናት ላይ ደረሰች። ወንድማማቾቹ ጀርባ እንደተሰጣጡ ናቸው። አጎቴ ላቡን ጠረገና አንዲት አጭር ነገር ተናገረ። ሁለቱም ዘለው ተነሥተው ተቃቀፉ! ጉባኤው በእልልታ ቀለጠ፤ ሽማግሌዎቹም «ወይ ትምህርት!» ብለው እዚያው ሾሙኝ።

አጎቴ ያላቸው ይህን ነበር፦ «ይህ ልጅ የሦስት ዓመት ትምህርቱን ሳይጨርስ አይቀመጥም። እናንተ ከታረቃችሁ ግን አሁኑኑ ያቆማል።»

እውነቱን ነው፤ ገና የመጀመሪያውን ዓመት አላጋመስኩም ነበር።